ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር ለልጆቹ ጀልባ የመረጥን ጊዜ

ልጄ ጽጌ ደውላ «እማዬ፣ ኦቦ ዋቅጅራ አረፉ» አለችኝ። እኔ ሞተ ነው የምለው። አረፈ የሚባለው ሌላውን ሲያሳርፍ ለኖረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ማንንም አሳርፎ አያውቅም። ጽጌ ስልኩን አልዘጋችም። ምን እንደምትጠብቅ ገብቶኛል። «ነፍስ ይማር» አልኳት። ከዚያ በላይ ከጠበቀች እናቷን አታውቅም ማለት ነው።

«ለቅሶ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ። ግን አላለቅስም።»

«ማን አልቅሺ አለሽ!» ብላ ዘጋችው። እሷም የእኔው ልጅ ናት።

ኦቦ ዋቅጅራ የባሏ የለሊሳ አባት ነበር። የልጅ ልጆቻችን የጋራችን ናቸው፤ ከዚያ ውጭ በዚህ ዓለም ላይ የጋራ ነገር አልነበረንም። እኔ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው በሠሩት ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። እሱ ደግሞ የፊንጫ ግድብ ሐይቅ ዳር ነው የኖረው። ግድቡ ሲሞላ ውሃው ሜዳውን ውጦ የእነሱን ሰፈር ሦስት ጎኑን ከቦ አስቀረው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሰው ነበር። ሙቀትም ሆነ ዝናብ ኮቱን አያወልቅም፤ ዱላውን የሚይዘው ሊደገፍበት ሳይሆን ሊያመለክትበት ነው።

የሚወደው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው እንዲነሳለት። ጽጌና ለሊሳ በተጋቡበት ቀን ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ለካ ከኋላ የተቀመጡት የእኔ ዘመዶች ሳያዩት ቀርተው አልተነሱም። ሰዉ ሁሉ «ኖር! ኖር!» ብሎ ብድግ እስኪል ድረስ እዚያው ቆመ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሲገባ ደግሞ በእጁ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» እያለ ምልክት ይሰጣል። ታዲያ ማን አስነሳን?

«መጀመሪያ ክብር፣ ከዚያ ምግብ» ይል ነበር። የልጅ ልጆቻችንንም ገና መራመድ ሲጀምሩ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። «አካኮ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ አያት ማለት ነው። አካኮ ሲገባ መብል ከአፋቸው ጥለው ብድግ ይላሉ። ለታላቅ መነሳትን አልነቅፍም፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግኋቸው እንዲሁ ነው። ግን እኔ በር ላይ ቆሜ አልጠብቅም።

ወደ ጀልባው ልምጣ። ለሊሳ አስተማሪ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከውሃው ማዶ ነው። ልጆቹም እዚያው ይማራሉ። ኬና ትልቋ ናት፤ ሮባ መካከለኛው፤ ሲፈን ደግሞ ያኔ ገና አጸደ ሕፃናት የገባች ትንሿ። ረግረጉን በእግር መዞር ለአዋቂም ይከብዳል፣ ለሕፃን እግር አይሞከርም። ስለዚህ በአንድ ጎረቤት የእንጨት ታንኳ ይሻገሩ ነበር። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ይህን ታንኳ አየሁት። ከሥሩ ውሃ ያስገባል። ኬና ደብተሯን በጥርሷ ነክሳ ይዛ በጣሳ ውሃ እየቀዳች ወደ ውጭ ትደፋለች። ሌሎቹ ልጆች እግራቸውን ሰቅለው ተቀምጠዋል። ማንም አልገረመውም። ጨርቄን ጥዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

በዚያ ታንኳ ላይ ከእኛዎቹ ጋር የጫልቱ ሁለት ልጆችም ነበሩ፤ ወንድና ሴት። ጫልቱ ባሏ የሞተባት ጎረቤት ናት። ጽጌ ሲፈንን በወለደች ጊዜ እኔ ከነቀምቴ እስክደርስ ያረሰቻት፣ ገንፎ ያገነፋችላት፣ ሕፃኗን ያጠበቻት እሷ ናት። እንዲህ ያለ ውለታ በቤቴ አይረሳም።

ሁለቱ ቤተሰብ አዋጥቶ ለልጆቹ የሚሆን ትንሽ የሞተር ጀልባ ለመግዛት ተስማማን። ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር የተስማማሁበት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው።

መጀመሪያ ያየነው ነቀምቴ ውስጥ ነው። ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ኮንትራክተር የፋይበር ጀልባውን በደላላ እያሸጠ ነው ተባለ። ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶ እኔ ጋ ስለነበሩ ይዘናቸው ሄድን። ጀልባው ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አፍንጫው ሹል ነው፤ ከኋላው አንድ ትልቅ ሞተር ተሸክሟል። ለሊሳ ሲያየው ዓይኑ እንደ ሙሽራ በራ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ይበራል!»

«ልጆቹ እንዲበሩ ማን ጠየቀህ? እንዲደርሱ ነው።»

ኦቦ ዋቅጅራ ከብት የሚገዛ ይመስል በጀልባው ዙሪያ ዞረ። በዱላው ጎኑን መታ፣ መታና አዳመጠ። ከዚያ ከነኮቱ ጀልባው ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተጋደመ። ደላላው ያመመው መስሎት ደነገጠ።

«አባቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ልጅ የሚያየውን እያየሁ ነው። ዝም በል።»

ተነሳና ልጆቹን «ኢጆሌ፣ ኑ ግቡ» አላቸው። ሦስቱም ተንጋግተው ገቡ። ሲቀመጡ ጠብቆ ከኮቱ ኪስ ከረሜላ አውጥቶ ከጀልባው ውጭ በተናቸው። ልጅ ከረሜላ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ሦስቱም በአንድ ጎን ተንጠለጠሉ። ጀልባው ጎማው ላይ አጋደለ። ሲፈን በጠርዙ ላይ ተገልብጣ በፊቷ መሬት ላይ ወደቀች። አፍንጫዋ ደማ፤ ግቢው በለቅሶ ተናጋ።

አንስቼ አቀፍኳትና «ልጅ ነው የሚፈትኑት ወይስ ድንጋይ?» ብዬ ጮኽሁበት።

«መሬት ላይ ስለወደቀች ታለቅሳለች» አለኝ፣ ሳይደነግጥ። «ውሃ ላይ ብትወድቅ ማን ያለቅስ ነበር?»

«አፍዎ ይቆረጥ!»

«ጠርዙ ከጉልበቷ በላይ አይደርስም። ይህ የዓሣ አጥማጅ ነው፣ የልጅ አይደለም።»

ደላላው ገበያው ሊያመልጠው ነውና ጣልቃ ገባ። «አባቴ፣ ልጆች እኮ ቁጭ በሉ ከተባሉ ቁጭ ይላሉ።»

«የራስህ ልጅ አለህ?»

«አይ፣ ገና ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ሳቄ መጣ። ለእሱ ግን አላሳየሁትም። የልጄ ልጅ ደም ቀሚሴ ላይ እያለ ለሱ ቀልድ አልስቅም።

በባጃጅ ስንመለስ፣ እኔ ሲፈንን ታቅፌ፣ ጀልባው ከፀሐይ የሚያስጥል መጠለያና ልጆቹ የሚይዙት ገመድ ሊኖረው ይገባል አልኩ። እሱ ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ እንደተቀመጠ፣ ዞር እንኳ ሳይል «አዴ ጥሩወርቅ፣ የነቀምቴ ሰው ውሃ የሚያውቀው በጀሪካን ነው። ስለ ሐይቅ ምን አገባዎት?» አለኝ።

«በጀሪካን የሚያውቅ ሰው ጠብታዋን ያውቃታል» አልኩት። «እናንተ ይህን ሁሉ ውሃ ታቅፋችሁ ተቀምጣችሁ ልጅ በጣሳ ታስቀዳላችሁ።»

ባለባጃጁ ሳቀ። ኦቦ ዋቅጅራ «አንተ መንገድህን እይ» አለው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ዳር ያለ አንድ በያጅ ከላሜራ ጀልባ ሊሠራልን ተስማማ። ኦቦ ዋቅጅራ ሥራውን ቆሜ ካላየሁ ብሎ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እኔ ቤት ተቀመጠ። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ጊዜው ደግሞ የጾም። ሽሮዬ ላይ ረጅም ጸሎት ያደርሳል፤ ሲያበቃ ቀምሶ «ቅቤ ረስተዋል» ይላል። አልረሳሁም! በየቀኑ እንዳልረሳሁ እነግረዋለሁ፣ በየቀኑ ረስተዋል ይለኛል። እንግዳ ነውና ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጠዋት ጠዋት በያጁ ጋ ሄዶ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ያዛል። የጀልባው ሆድ ሰፊና ጠፍጣፋ እንዲሆን አዘዘ። ጠርዙ የተቀመጠ ልጅ ደረት ላይ እንዲደርስ አዘዘ። መቀመጫዎቹን ወደ ታች፣ ወለሉ አጠገብ አደረጋቸው። የላሜራው ጫፍ እጅ እንዳይቆርጥ የውሃ ጎማ ሰንጥቆ አለበሰው። ከውሃው ሥር የሚሽከረከረውን የሞተሩን ስለት በሽቦ አጥር አስከበበ። ሞተሩን ከነጂው እጅ ጋር የሚያያይዝ ገመድ አስገባ፤ ነጂው ከወደቀ ሞተሩ እንዲጠፋ።

ለሊሳ ትልቅ ሞተር እንዲገዛ ለመነው። «አባ፣ ትንሹ እኮ ይንቀራፈፋል።»

«ልጅ የጫነ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?»

ተንሳፋፊ ጃኬት ሊገዛ ሲሄድም አብሬው ሄጃለሁ። ባለሱቁ ለሮባ አንዱን አለበሰውና «ልክክ!» አለ። ኦቦ ዋቅጅራ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ልጁን ወደ ላይ አነሳው። ጃኬቱ ሽቅብ ሄዶ ሮባን ጆሮው ድረስ ዋጠው።

«ውሃ ውስጥ የሚተርፈው ጃኬቱ ነው» አለ። «በእግሩ መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው አምጣ።»

እስከዚህ ድረስ የምቃወመው አላገኘሁም። የምቃወመው በማጣቴም ተናድጄ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ብሄድ ጀልባው ፊት ለፊት አንድ ነገር ተበይዷል። ወንበር ነው። መደገፊያ አለው፣ የክንድ ማሳረፊያ አለው፤ ከሁሉም መቀመጫ ከፍ ብሎ የቀበሌ ሊቀመንበር የሚጠብቅ ይመስላል።

«ይህ የማን ነው?»

«የእኔ። ልጆች ያለ ሽማግሌ ውሃ ላይ አይሄዱም።»

«ለሊሳ አለ አይደል?»

«ለሊሳ ሞተር ይይዛል። እኔ ልጆቹን አያለሁ።» ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ማዶ መሻገሪያ እንደፈለገው ግን አልነገረኝም፤ እኔ እንደማላውቅ።

«የጫልቱ ልጆችስ የት ይቀመጣሉ?»

«ታንኳው አለላቸው።»

ምሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «እነዚያ ልጆች ከኛዎቹ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። የኛዎቹ በሞተር እየሄዱ እነሱ ውሃ እየቀዱ ይሄዳሉ? ይህ ፍርድ ነው?»

«አዴ ጥሩወርቅ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ ሲያደርገው ይብሳል። «ጀልባ ፍርድ አያውቅም። የሚያውቀው ክብደት ነው። አንድ ሰው በጨመሩ ቁጥር ጠርዙ ወደ ውሃው ይወርዳል። ስለ ፍርድ ሲያስቡ ሲፈንን እንዳያሰምጧት።»

«እንግዲያው ሰፋ ተደርጎ ይሠራ።»

«ከሰፋ ይህ ሞተር አይገፋውም። ትልቅ ሞተር ደግሞ ለዚያ ችኩል ልጄ አልሰጠውም።»

ስለ ክብደት የተናገረው እውነት ነው፤ ክፉነቱ እውነት መሆኑ ላይ ነበር። ምሳውን ትቼለት በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ጀልባው በአይሱዙ ተጭኖ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እልል ተባለ፣ ተጸለየ። ለሊሳ ሞተሩ ጋ ቆመ። ሦስቱ ልጆች ጃኬታቸው ታስሮላቸው ዝቅ ባለው መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ከሩቅ ሲታዩ ጎጆ ውስጥ ያሉ ጫጩቶች ይመስላሉ። ጽጌ ከእኔ ጎን ቆማ ታለቅሳለች፣ በደስታ።

የጫልቱ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ዳር ላይ ቆመዋል። ወንዱ እጁን የእህቱ ትከሻ ላይ አድርጓል። ማንም ና አላለውም፤ እሱም አልጠየቀም። የሚያለቅስ ልጅ እችላለሁ፤ የማይጠይቅ ልጅ ግን ያንገበግበኛል። ጫልቱ ራሷ ከሰዎች ኋላ ቆማ እልል ትላለች፤ ለኛ ልጆች።

ከዚያ ኦቦ ዋቅጅራ መጣ። ኮቱን ቆልፏል፣ ባርኔጣውን አድርጓል። ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ አንድ እግሩን አንስቶ የጀልባውን ጠርዝ ረገጠ። ልጆቹ አዩት። «አካኮ!» ብለው ሦስቱም እንደተማሩት ብድግ አሉ።

ጀልባው እሱ ወደረገጠበት ጎን ዘመመ። ሲፈን ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ ሮባ በጠርዙ ላይ ተሻግሮ ውሃው ውስጥ ገባ። ዳር ነውና ጥልቅ አይደለም፤ ግን ልጅ ለመስጠም ብዙ ውሃ አይፈልግም። ጃኬቱ ይዞት ብቅ አለ። ለሊሳ ዘሎ ገብቶ በጃኬቱ ማንገቻ አወጣው። ልጁ ሳለ፣ አስመለሰ፣ ከዚያ አለቀሰ።

ኦቦ ዋቅጅራ ግን በልጆቹ ላይ ጮኸ። «ማን ተነሱ አላችሁ!»

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስለው የኖርኩት ሰውዬ ነው። ያኔ አንቱታው ከአፌ ተነነ።

«አንተ ነሃ!» አልኩት። «አንተ ነህ ያልካቸው! ለአንተ ካልተነሱ እህል አይቀምሱም፤ አሁን ስለተነሱ ትጮህባቸዋለህ?»

ለሊሳ «እማማ፣ በናትሽ ተዪ» አለኝ። አልተውኩም።

«ጀልባ ክብደት ነው የሚያውቀው ብለኸኛል። እሺ፣ ተቀብያለሁ። አንተስ ስንት ልጅ ትመዝናለህ? እነዚያን ሁለቱን አንድ ላይ እሰራቸው፤ ከነቦርሳቸው አንተን አያክሉም! ቦታ የለም ያልካቸው አንተ ቦታቸው ላይ ወንበር በይደህበት ነው!»

እልልታው የት እንደገባ እንጃ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ሽማግሌን በሰው ፊት እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ብላም እንደሆን ወሬው እኔ ጋ አልደረሰም። ኦቦ ዋቅጅራ አንድ እግሩ ጀልባው ውስጥ፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ሆኖ አየኝ። ጫማው ውሃ ሞልቷል። ቢማታ ይሻለኝ ነበር።

እግሩን ከጀልባው አወጣ። ለሊሳን በኦሮምኛ ወንበሩን አስቆርጠህ ጣለው አለው። ከዚያ ዱላውን አንስቶ የጫልቱን ልጆች ጠቆማቸው፤ ከእነሱም ወደ ጀልባው። ልጆቹ እናታቸውን አዩ። ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ገቡ። ከፍ ባለው ወንበር ላይ ሁለቱም ተጣበው ሲቀመጡ «ከዚያ ላይ አይደለም፣ ታች!» ብሎ ጮኸባቸው። ወረዱ፣ ታች ተቀመጡ።

«ታኣ!» አላቸው አምስቱንም። ተቀመጡ ማለት ነው። «እኔ ብመጣ፣ ንጉሥ ቢመጣ፣ ጀልባ ላይ የሚነሳ ልጅ ወዮለት!»

በዚህ ምክንያት ደግ ሰው ነበር የሚሉ አሉ። ለለቅሶ ስሄድም ይህንኑ እንደሚያወሩልኝ አውቃለሁ። ደግ ሰው መጀመሪያውኑ ወንበሩን አያስበይድም። እኔ ባልጮህ ኖሮ እስከ ዛሬ ተኮፍሶበት ይሻገር ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ጀልባ ተሳፍሮ አያውቅም። ማዶ ገበያ ሲኖረው ረግረጉን በእግሩ ይዞራል። ከእኔ ጋርም አልተነጋገረም። ልጠይቃቸው ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። የሚለኝ ነገር ካለው በኬና በኩል ይልከዋል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። «ለነቀምቴዋ ሴትዮ ንገሪያት፣ ሮባን ጣፋጭ አታብላው በያት።» እኔም በኬና በኩል «ለሰውዬው ንገሪው፣ ከረሜላ መበተን ማን እንዳመጣው ይጠይቅ» እላለሁ። ልጅቷ መሃላችን ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች፤ ከዚያ «ሁለታችሁም ሰምታችኋል» ብላ ትሄዳለች።

በሌላ ጊዜ ከነቀምቴ ስመጣ በትምህርት ቤቱ በኩል ደረስኩ። እኩለ ቀን ነው፤ ትምህርት ተለቆ አምስቱም ልጆች ጀልባው ውስጥ ታች ተቀምጠዋል። የሚኒባሱ ጉዞ ወገቤን ሰብሮታል፤ የያዝኩት ዘንቢል ከባድ ነው። ለሊሳ ዘንቢሉን ተቀብሎኝ እጁን ዘረጋልኝ። ኬና ጠጋ አለችልኝ። አንድ እግሬን አስገባሁ።

ኦቦ ዋቅጅራ ከገበያ ሲመለስ ዳር ላይ ቆሞ ኖሯል። ወደ እኔ አላየም፤ ሐይቁን እያየ ነው የተናገረው።

«ስንት ልጅ ትመዝናለች?»

ለሊሳ አፈረ። «አባ! እማማ፣ ግቢ፣ ለአንድ ቀን ምንም አይል።»

ወደ ታች አየሁ። እኔ በረገጥኩበት በኩል ጠርዙ ወደ ውሃው ወርዷል። ከዚያ ጎን የተቀመጠችው የጫልቱ ሴት ልጅ ናት፤ እንደተማረችው አልተነሳችም፣ በሁለት እጇ መቀመጫዋን ጨምድዳ ይዛ ታየኛለች።

እግሬን አወጣሁ።

«አድርሻቸው ልመለስልሽ» አለኝ ለሊሳ።

«ለእሱ ተመልሰህ ታውቃለህ?»

ለሊሳ ወደ ሞተሩ ዞረ።

«እንግዲያው ለእኔም አትመለስም። ሂድ!»

በሌላው ላይ የፈረድኩት ፍርድ በራሴ ላይ ሲመጣ የማጣምም ሴት አይደለሁም። ግን እንዴት እንደተቃጠልኩ እግዜር ያውቃል። ጀልባው እየተንደቀደቀ ሄደ፤ ልጆቹ ተቀምጠው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ኦቦ ዋቅጅራ መንገዱን ጀምሮ ነበር። ሌላ መንገድ የለምና ከኋላው ተከተልኩ። በመካከላችን ያለው ርቀት ለሰላምታ የሚበዛ፣ ለስድብ የሚበቃ ነው። እሱ ቀስ ሲል እኔም ቀስ እላለሁ፣ እንዳልደርስበት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሳሩ ውስጥ እንቁራሪት ይጮሃል።

መንገዱ ረግረጉ አፍ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። እሱ እዚያ ቆም አለ። ወደ እኔ አልዞረም። ዱላውን አንስቶ ለንፋሱ ተናገረ።

«የግራው መንገድ ሰው ይውጣል።»

«ዓይን አለኝ» አልኩ፤ እኔም ለንፋሱ።

መንገዱን ቀጠለ። ከሸምበቆው ኋላ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ ጠበቅኩና በቀኙ አለፍኩ።